እየሠራ ያለ ፕሮሰስ በምን አርጉመንት እንደተነሳ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ነገ 3 ሰዓት መብራት ይጠፋል

የማራኪዋ
ሰኞ ማታ 12፡50

ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁ፣ በቀጥታ ልግባ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። የመድኃኒት ክምችት የሚመዘግብ የጃቫ ፕሮግራም አለን። የሚሠራው አሮጌ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። ያስነሳው ልጅ ጥር ላይ ሥራ ለቆ አዲስ አበባ ገባ። ስክሪፕት አልተወም፤ ትእዛዙን ከነአርጉመንቶቹ (ከትእዛዙ ስም ቀጥለው ከሚጻፉት ቃላት ጋር) በእጁ ጽፎ ነው ያስነሳው። ደወልኩለት። «ረጅም ነበር፣ አላስታውሰውም» አለኝ። አልፈርድበትም፤ ፕሮግራሙ አምስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳይቆም ነው የሠራው፣ ማን ያስታውሰዋል።

ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመብራት ምሰሶ ስለሚቀየር ኃይል ይቋረጣል ተብለናል። ዩፒኤሱ ከ20 ደቂቃ በላይ አይዝም። ጄኔሬተሩ ከተበላሸ ቆየ። ማሽኑ ከጠፋ መልሼ የማስነሳበትን አላውቅም። የተጻፉ ትእዛዞች የሚቀመጡበት ሂስትሪ ውስጥ ፈለግኩ፣ የለም። የሚሠሩትን ፕሮሰሶች የሚዘረዝረውን «ፒኤስ -ኢኤፍ» ስል ደግሞ መስመሩ የስክሪኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። ሙሉውን የማይበት መንገድ አለ? ነገ ስህተት ብሠራ መድኃኒት ሊወስድ ከገጠር የመጣ ሰው መጋዘን በር ላይ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ እባካችሁ ሞክራችሁ ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ።

የአዘዞ_ልጅ
ሰኞ ማታ 1፡05

አይዞሽ እህቴ፣ ይገኛል። ፕሮሰሱ እስካልሞተ ድረስ አርጉመንቱ አብሮት አለ። ሂስትሪ ላይ አለመኖሩ አይግረምሽ፤ ባሽ (ትእዛዝሽን የሚቀበለው ሼል) በራሱ ከተተወ የሚይዘው 500 መስመር ነው፣ በአምስት ወር ውስጥ ተገፍቶ ወጥቷል።

ፒኤስ መስመሩን የቆረጠብሽ በተርሚናልሽ ስፋት ልክ ነው። ሁለት ደብልዩ ጨምሪበት፦ «ፒኤስ -ኢኤፍ -ደብልዩደብልዩ»። አንዱ ደብልዩ ሰፋ ያደርገዋል፣ ሁለት ሲሆን ገደቡን ያነሳል። የዚያን ፕሮሰስ ብቻ ከፈለግሽ «ፒኤስ -ደብልዩደብልዩ -ኦ አርግስ= -ፒ» ብለሽ ቁጥሩን አስከትይ። ውጤቱን ስክሪን ላይ ከምታነቢው ወደ ፋይል ላኪው።

ቁጥሩን በ«ፒግሬፕ» ስትፈልጊ -ኤፍ መጨመር አትርሺ። ያለ -ኤፍ የሚያየው የፕሮሰሱን አጭር ስም ብቻ ነው፣ እሱም ከ15 ፊደል አያልፍም። የጃቫ ፕሮግራም ደግሞ ሁሉም አጭር ስሙ «ጃቫ» ነው።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው። ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ነው።

ሰሜን_ንፋስ
ሰኞ ማታ 1፡12

ከላይ የተባለው ልክ ነው። የወጣልሽን መስመር ገልብጠሽ አንድ ስክሪፕት ውስጥ ለጥፊው፣ አለቀ። ነገ ስክሪፕቱን ማስነሳት ነው።

የማራኪዋ
ሰኞ ማታ 1፡34

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ረጅም መስመር ወጣልኝ። ግን አላለቀም። ሰርቨሩን ላለመንካት ብዬ የፕሮግራሙን ቅጂ ላፕቶፔ ላይ አድርጌ፣ መስመሩን ስክሪፕት ውስጥ ለጥፌ ሞከርኩት። ጃቫ «ቁጥር» የሚባል ዋና ክላስ (ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ክፍል) አላገኘሁም ብሎ ሞተ። እንደዚህ የሚባል ክላስ የለንም!

መስመሩን ደጋግሜ ሳነበው መሃል ላይ የቅርንጫፉ ስም አለ፤ «ጎንደር ቁጥር 2» ይላል። ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። የመስመሩ መጨረሻ የላይብረሪዎቹ ዝርዝር መሃል ላይ ነው፣ የአንዱ ፋይል ስም ግማሽ ላይ ቀጥ ይላል። ሁለት ደብልዩ አድርጌም እዚያው ነው የሚቆመው። በሦስት ደብልዩም ሞከርኩ።

ቀሃ
ሰኞ ማታ 1፡58

ልጄ፣ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ አትቀላቅያቸው።

የመጀመሪያው ክፍተቱ ነው። ሼሉ ትእዛዝ ሲቀበል ጥቅስ ምልክቱን ይበላዋል። ኮከብ ምልክት ካለም በፋይል ስሞች ይተካዋል። ፕሮሰሱ ዘንድ የሚደርሰው ተበጥሮ ያለቀ ነገር ነው፣ አንድ በአንድ የተለየ የቃላት ረድፍ። ልጁ የቅርንጫፉን ስም በጥቅስ ውስጥ ነበር የጻፈው፤ ለጃቫ የደረሰው አንድ አርጉመንት ሆኖ ነው። ፒኤስ ደግሞ ረድፉን በክፍተት አያይዞ አንድ መስመር አድርጎ ያሳይሻል። ስለዚህ የትኛው ክፍተት የአርጉመንት ድንበር እንደሆነ፣ የትኛው በአርጉመንት ውስጥ ያለ እንደሆነ ከፒኤስ ማወቅ አይቻልም። አንቺ ገልብጠሽ ስትለጥፊው ሼሉ «ጎንደር» ላይ ቆረጠውና ቀጣዩን «ቁጥር»ን ጃቫ እንደ ዋና ክላስ ወሰደው። ሰሜን ንፋስ፣ ወንድሜ፣ ገልብጦ መለጠፍ የሚያዋጣው ክፍተትና ልዩ ምልክት የሌለበት ትእዛዝ ላይ ብቻ ነው።

ድንበሩን ጠብቆ የያዘው ፋይል «/ፕሮክ» ሥር፣ በፕሮሰሱ ቁጥር በተሰየመው አቃፊ ውስጥ «ሲኤምዲላይን» የሚባለው ነው። እዚያ አርጉመንቶቹ የሚለያዩት በክፍተት አይደለም፣ በዜሮ ባይት ነው። ዜሮ ባይት አርጉመንት ውስጥ ሊገባ ስለማይችል ድንበሩ መቼም አይሳሳትም። በ«ኤልኤስ» ስታዪው መጠኑ 0 ይልሻል፣ አትደንግጪ፤ «/ፕሮክ» ውስጥ ያለው ዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል አይደለም፣ ስታነቢው ነው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሚያዘጋጀው። ከሁሉ በፊት በ«ካት» ወደ ሌላ ፋይል ገልብጪው፣ ምንም ሳትለውጪ። ለዓይን እንዲነበብ «ቲአር»ን ተጠቅመሽ ዜሮውን በአዲስ መስመር ቀይሪው። እያንዳንዱ አርጉመንት በየመስመሩ ይወርድልሻል።

ሁለተኛው መቆረጡ ነው። እሱን ከመናገሬ በፊት የገለበጥሽው ፋይል ስንት ባይት እንደሆነና የከርነሉን ቁጥር ንገሪኝ።

የማራኪዋ
ሰኞ ማታ 2፡09

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ፋይሉ ልክ 4096 ባይት ነው። ከርነሉ 3.2 ይላል። «ጎንደር ቁጥር 2» በእርግጥም በአንድ መስመር ላይ ወረደልኝ!

ቀሃ
ሰኞ ማታ 2፡31

4096 ስትዪኝ ገባኝ። እሱ የአንድ ሜሞሪ ገጽ መጠን ነው። ከ4.2 በፊት የነበሩት ከርነሎች ከአርጉመንቱ የሚያሳዩት የመጀመሪያውን አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ከ4.2 ወዲህ ሙሉው ይነበባል። ፒኤስም የሚያነበው ከዚያው ፋይል ነው፣ ስለዚህ አሥር ደብልዩ ብትደረድሪ አይረዝምም። የጃቫ ሰዎች የላይብረሪ ዝርዝር ስለሚያረዝሙ ይህ ነገር የሚያገኘው በአብዛኛው እነሱን ነው።

ቀሪውን ከጃቫው ከራሱ ነው የምትጠይቂው። ጄዲኬ (የጃቫ ፕሮግራም ሠሪዎች መሣሪያ ስብስብ) ከተጫነ «ጄሲኤምዲ» የሚባል መሣሪያ አለ። የፕሮሰሱን ቁጥር ሰጥተሽ «ቪኤም.ኮማንድ_ላይን» በይው። ለራሱ ለጃቫ የተሰጡትን፣ ዋናውን ክላስ ከነአርጉመንቱ፣ የላይብረሪውን ዝርዝር በየክፍሉ ያወጣልሻል። ፕሮሰሱን ባስነሳው ተጠቃሚ ስም ሆነሽ ነው የምትጠይቂው፣ አለዚያ አይመልስልሽም። እሱም በክፍተት አያይዞ ነው የሚጽፈው፣ ስለዚህ ድንበሩን ከ4096ቱ ባይት ውሰጂ፣ ጅራቱን ከዚህ።

አሁን ደግሞ በጣም የምለምንሽ ነገር። አርጉመንቱ ብቻውን አይበቃም። እዚያው የፕሮሰሱ አቃፊ ውስጥ «ሲደብልዩዲ» የሚል አለ፣ ፕሮግራሙ የቆመበትን ቦታ ያሳያል። አርጉመንቶቹ ውስጥ ከሥር (ከ«/») ያልጀመረ የፋይል አድራሻ ካለ ከሌላ ቦታ ብታስነሺው አያገኘውም። «ኤግዜ» የሚለው የትኛው ጃቫ እንደሆነ ይነግርሻል፤ አንድ ማሽን ላይ ሁለትና ሦስት ጃቫ መጫን የተለመደ ነው። «ኤንቫይሮን» ሲነሳ የነበረውን ኢንቫይሮንመንት (ከአርጉመንቱ ውጭ ለፕሮግራሙ የሚተላለፉትን ቅንብሮች) ይዟል። ጃቫ «ጃቫ_ቱል_ኦፕሽንስ» የሚባለውን ከኢንቫይሮንመንት ያነባል፣ እሱ አርጉመንት ውስጥ አይታይም። «ኤፍዲ» ውስጥ ደግሞ ሎጉ ወደየት ይጻፍ እንደነበር ታያለሽ፤ ወደ ፋይል የሚያዞረውን ምልክት ሼሉ ራሱ ስለሚፈጽመው አርጉመንት ውስጥ አይገባም።

ሁሉንም ዛሬ ማታ ገልብጪ። ፕሮሰሱ በቆመበት ቅጽበት አቃፊው እንዳለ ይጠፋል።

የአዘዞ_ልጅ
ሰኞ ማታ 2፡40

ጋሼ፣ እኔ ሁለት ደብልዩ ገደቡን ያነሳል ብዬ ነበር። የሚያነሳው የፒኤስን ገደብ ነው እንጂ የከርነሉን አይደለም ማለት ነው። ይህን አላውቅም ነበር፣ ተማርኩ።

የማራኪዋ፣ ቆጠራም አድርጊ። ሲኤምዲላይን ውስጥ ያሉትን ዜሮ ባይቶች ብትቆጥሪ የአርጉመንቱን ብዛት ታገኛለሽ። «ቲአር -ሲዲ» ዜሮውን ብቻ ያስቀርልሻል፣ በ«ደብልዩሲ -ሲ» ትቆጥሪዋለሽ። ባንቺ ማሽን ላይ የተቆረጠው ጫፍ ስለማይገባ ከመቆረጫው በፊት ያሉትን ነው የምታውቂው። ስክሪፕቱን በእጅሽ ስታዘጋጂ አንዱ እንዳይዘለልሽ ይጠቅማል።

ጥቅሱን በእጅሽ አታስገቢ። በባሽ ዋይል ዙር ውስጥ «ሪድ»ን በ-ዲ ባዶ ጥቅስ ሰጥተሽ አንድ በአንድ አንብቢ፣ ከዚያ የባሹ «ፕሪንትኤፍ» በፐርሰንት ኪው ይጻፈው። ክፍተቱንም ኮከቡንም ራሱ ያስተካክልልሻል።

የማራኪዋ
ሰኞ ማታ 3፡25

ጄዲኬ አለ፣ ጄሲኤምዲ ሠራ! የላይብረሪው ዝርዝር እስከ መጨረሻው፣ ዋናው ክላስ፣ ከዚያ በኋላ የማዋቀሪያ ፋይል አድራሻና የፖርት ቁጥር አለ። የማዋቀሪያው አድራሻ ከሥር የጀመረ አይደለም። «ሲደብልዩዲ»ን ባላይ ኖሮ ነገ ቆሜ እቀር ነበር፤ ፕሮግራሙ የተነሳው ልጁ የግል አቃፊ ውስጥ ሆኖ ነው። ያ አቃፊ ሊጠፋ ባለፈው ወር ተወስኖ ነበር፣ ጊዜ አጥቼ ነው ያልሰረዝኩት።

ኢንቫይሮንመንቱ ውስጥ ጋሼ ያሉት «ጃቫ_ቱል_ኦፕሽንስ» አለ። የጽሑፉ አቀማመጥ ዩቲኤፍ 8 እንዲሆን የሚያዝ ነው። እሱ ባይኖር የመድኃኒቶቹና የቀበሌዎቹ የአማርኛ ስሞች ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይቀመጡ ነበር፣ እኛም ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ይሆን ነበር።

ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር አየሁ። ከአርጉመንቶቹ አንዱ የዳታቤዙ ፓስወርድ ነው። እንዳለ በግልጽ።

ሰሜን_ንፋስ
ሰኞ ማታ 3፡38

ለቅድሙ ይቅርታ፣ ችኩል መልስ ነበር። ፓስወርዱን በተመለከተ «/ፕሮክ»ን «ሃይድፒድ=2» በሚለው ምርጫ መልሰሽ ማውንት አድርጊው። ከዚያ በኋላ ሌላ ተጠቃሚ የሌላውን ፕሮሰስ ጭራሽ አያየውም።

ሸንታ
ሰኞ ማታ 3፡50

ሃይድፒድ የገባው ከርነል 3.3 ላይ ነው። የእሷ 3.2 ነው ብላለች።

ቢኖርም እንኳ እኔ እሱ ላይ አልተኛም። ሲኤምዲላይንን ማሽኑ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ያነበዋል፣ ሩት (የማሽኑ ሙሉ አስተዳዳሪ) መሆን አያስፈልገውም። ኢንቫይሮን ግን የሚነበበው ለባለቤቱና ለሩት ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው አያውቀውም። የማይኤስኪውኤል ተርሚናል ፕሮግራም በትእዛዙ ላይ የተሰጠውን ፓስወርድ ሲነሳ በኤክስ ፊደል ይሸፍነዋል፤ እስኪሸፍነው ድረስ ግን ለአጭር ጊዜ ይታያል። ፒኤስን በዙር የሚያስኬድ ሰው ሊይዘው ይችላል። ፓስወርድ ሂስትሪ ውስጥም ይቀራል፣ አሁን አንቺ የገለበጥሻቸው ፋይሎች ውስጥም አለ። ስለዚህ እነዚያን ፋይሎች አሁኑኑ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነባቸው) አድርጊያቸው። ፓስወርዱ ወደ ፋይል ይሂድ፣ ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ተጠቃሚ ብቻ ይሁን።

ቀሃ
ሰኞ ማታ 4፡02

ሸንታ ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ለነገ ጠዋት አይደለም። የማራኪዋ፣ ነገ የምታስነሺው የነበረውን ነው፣ አንዲት ፊደል ሳትቀይሪ፣ ፓስወርዱም እዚያው እያለ። ብልሽት ቢመጣ ከመብራቱ ይሁን ካንቺ ለውጥ ለመለየት አትችዪም። አንድ ሳምንት በሰላም ከሠራ በኋላ ፓስወርዱን አውጪ፣ ከዚያም ቀይሪው፤ አምስት ወር ሲታይ የኖረ ፓስወርድ ነው።

ደምቢያ
ሰኞ ማታ 4፡15

ክሩን ሳልጠልፍ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ ቢሮ ጥግ ላይ አንድ ያረጀ የሰን ማሽን አለ፣ ሶላሪስ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ደብልዩ ብሰጠው ምርጫውን አላውቀውም ይለኛል፣ ሲኤምዲላይን የሚባልም ፋይል የለም። ፒኤስ ሁሉንም ነገር በጣም አሳጥሮ ነው የሚያሳየው።

ቀሃ
ሰኞ ማታ 4፡28

ወንድሜ፣ እዚያ ሌላ አገር ነው። ሶላሪስ ላይ ከርነሉ ለፒኤስ ብሎ የሚያስቀምጠው የአርጉመንቱን የመጀመሪያ 80 ፊደል ብቻ ነው። ሙሉውን «ፒአርግስ» ብለህ ከነፕሮሰሱ ቁጥር ስጠው፣ እያንዳንዱን አርጉመንት ቁጥር እየሰጠ በየመስመሩ ያወርድልሃል። -ኤል ብትጨምርበት ደግሞ ጥቅሱን አስተካክሎ ለሼል የሚሆን አንድ መስመር ያደርግልሃል። -ኢ ኢንቫይሮንመንቱን ነው። የፕሮሰሱ ባለቤት ወይም ሩት መሆን አለብህ። እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት በሶላሪስ ነው፣ ወደ ሊኑክስ ስመጣ የናፈቀኝ ይህች ትእዛዝ ነች። ፍሪቢኤስዲ ላይ ከሠራህ «ፕሮክስታት -ሲ» ይመልስልሃል።

ፕሮሰስን እንደ ፋይል ማንበብ ድሮ የመጣ ሐሳብ ነው። ቶም ኪሊያን ቤል ላብስ ሆኖ በፈረንጆቹ 1984 ነው በጽሑፍ ያቀረበው፣ ስምንተኛው የዩኒክስ እትም ላይም ገባ። ሊኑክስና ሶላሪስ ሐሳቡን ወስደው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ አሳደጉት፤ ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ የማይመሳሰለው ለዚህ ነው።

የአዘዞ_ልጅ
ሰኞ ማታ 4፡36

ለሚቀጥለው አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ሲኤምዲላይን ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ማሽኑ ተበላሸ አትበሉ። ሞቶ ወላጁ (ያስነሳው ፕሮሰስ) ያልሰበሰበው ፕሮሰስ ባዶ ነው፣ የከርነሉ የራሱ ሥራዎችም ባዶ ናቸው፣ ፒኤስ ስማቸውን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የሚጽፈው ለዚያ ነው። ፕሮሰሱ ራሱም የሚታየውን ሊቀይር ይችላል፣ ቦታው የራሱ ሜሞሪ ስለሆነ። ፖስትግሬስ እዚያ ላይ የትኛው ተጠቃሚ ከየትኛው ዳታቤዝ ጋር እንደተገናኘ ይጽፋል። ከእንደዚህ ዓይነቱ ሲነሳ የተሰጠውን አርጉመንት አታገኙም።

የማራኪዋ
ማክሰኞ ማታ 12፡20

ተመለስኩ። ትናንት ማታ ሁሉንም ፋይል ገልብጬ 600 አድርጌ በፍላሽም ይዤ ነው የተኛሁት። ጠዋት 2 ሰዓት ከ10 ላይ ቢሮ ደረስኩ። የመጋዘኑን ልጆች «ለአሥር ደቂቃ አትመዝግቡ» ብዬ፣ መብራቱ ሳይጠፋ በፊት ራሴ አቆምኩት። መብራት ጠፍቶ ከሚቆም እጄ ላይ ይቁም ብዬ ነው። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ወደዚያ አቃፊ ይገባል፣ ኢንቫይሮንመንቱን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ያንኑ ጃቫ በሙሉ አድራሻው ይጠራል። ተነሳ። የአማርኛ ስሞቹን ከፍቼ አየሁ፣ ደህና ናቸው።

መብራቱ 3 ሰዓት ተብሎ 3 ከ20 ላይ ጠፋ፣ ማሽኑን በሥርዓት አጠፋሁት። 9 ሰዓት ይመጣል የተባለው 10 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ፣ ያን ያህል ሰዓት የመጋዘኑ ልጆች በወረቀት ሲመዘግቡ ዋሉ። ሰርቨሩን አብርቼ ስክሪፕቱን ብቻ ጠራሁ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ምዝገባ ጀመሩ።

ጋሼ፣ ሰሜን ንፋስ፣ ሸንታ፣ የአዘዞ ልጅ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፓስወርዱን በሚቀጥለው ማክሰኞ አወጣዋለሁ፣ ካሌንደሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ቀሃ
ማክሰኞ ማታ 12፡41

ተባረኪ ልጄ። አዲሱ ፕሮሰስ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑን አየሽ?

የማራኪዋ
ማክሰኞ ማታ 12፡55

አዎ ጋሼ። የትናንቱን ሲኤምዲላይንና የዛሬውን በ«ሲኤምፒ» አስተያየሁ፣ ምንም ሳይል ተመለሰ። እሱ የሚያየው 4096ቱን ብቻ ስለሆነ የሁለቱንም የጄሲኤምዲ ውጤት በ«ዲፍ» አየሁት። የተለያየው አንድ መስመር ነው፣ ከላይ ያለው የፕሮሰሱ ቁጥር።